የሕዋስ በርና የጎተራው ተመልካች፤ ካልሲየም ወደ ሕዋስ የሚገባበት መንገድ እንዴት እንደ ታወቀ

(በሬዲዮ ከተነገረ በኋላ ለአንባብያን የቀረበ)



ካልሲየም የሚባለውን ማዕድን ስም ያልሰማ ሰው ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። የሕፃን አጥንት የሚጠነክረው፥ ጥርሱም የሚበቅለው በዚሁ ማዕድን መሆኑን ሁላችንም ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምተናል። በአንድ ሙሉ ሰው አካል ውስጥ ወደ አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ካልሲየም ይገኛል፤ ከዚህም ከመቶው 99 እጅ በአጥንትና በጥርስ ተከማችቶ የሚኖር ነው። በዚህ ንግግር የምናወሳው ግን ስለ ብዙው አይደለም፤ በደምና በሕዋሳት ዙሪያ ሟሙቶ ስለሚገኘው ስለ ጥቂቱ ነው እንጂ። ልብ እንዲመታ፥ ጡንቻ እንዲኮማተር፥ ዕጢ ፈሳሹን እንዲያፈልቅ፥ ደማችንም በውስጡ ያሉትን ተከላካዮች በበሽታ ላይ እንዲያስነሣ የሚያደርገው ይኸው ጥቂቱ ነውና።

ሕዋስ ወይም ሴል የምንለው በዓይን የማይታይ ጥቃቅን የአካል ክፍል በስስ ሽፋን እንደ ቅጥር የተከበበ ነው። ከዚህ ቅጥር ውጭ ሟሙቶ የሚገኘው ካልሲየም በውስጡ በነፃነት ከሚንሳፈፈው አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። በእኩል ስፍራ ብንመለከተው፥ በውጭ አሥር ሺህ ሰው ቆሞ በውስጥ የሚገኘው አንድ ብቻ ነው ማለት ነው። ሕዋስ ይህን ልዩነት ጠብቆ ለመኖር ሌሊትና ቀን ይደክማል፤ የገባውን ካልሲየም ወደ ውጭ የሚገፉ፥ ወይም በውስጥ ወደሚገኝ ጎተራ የሚከቱ መሣሪያዎች አሉት። እንዲህ ባያደርግ ኖሮ ካልሲየም ሕዋስ ኃይሉን ከሚያስቀምጥበት ከፎስፌት ጋራ ተገናኝቶ እንደ ኖራ በተጋገረና ሕዋሱን በገደለ ነበር።

እንግዲህ ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። ውስጡ ጸጥ ያለ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ካልሲየም በገባ ጊዜ መግባቱ ራሱ መልእክት ይሆናል። በጫጫታ መካከል የአንድ ሰው ድምፅ አይለይም፤ በጸጥታ መካከል ግን ሹክሹክታ እንኳ ይሰማል። ታዲያ በሩን የሚከፍተው ማን ነው? መቼስ መከፈት እንደሚገባው የሚያስታውቀው ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ የተሟላ መልስ እስኪገኝ ድረስ ከ120 ዓመት በላይ አልፏል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የነገሩ መጀመሪያ በሎንዶን ከተማ ነው። ሲድኒ ሪንገር የሚባል ሐኪም በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆስፒታል ሕሙማንን እያከመ፥ ከዚሁ በተረፈው ጊዜ በእንቁራሪት ልብ ላይ ምርመራ ያደርግ ነበር። ከእንቁራሪት አካል የወጣ ልብ በተስማሚ ፈሳሽ ውስጥ ቢቀመጥ ለብዙ ሰዓት መምታቱን አያቆምም። ሪንገር ይህ ተስማሚ ፈሳሽ ከምን ከምን የተሠራ መሆን እንደሚገባው ለማወቅ ፈልጎ፥ በ1882 ያገኘውን ውጤት አሳተመ። የተለመደው ጨው በውኃ ቢሟሟ ልቡን በሚገባ እንደሚያኖረው ጻፈ።

በሚቀጥለው በ1883 ግን ያንኑ የራሱን ጽሑፍ የሚያርም ሌላ ጽሑፍ አወጣ። በመጀመሪያው ሥራው የተጠቀመበት ውኃ በእንፋሎት የተጣራ መስሎት ነበር፤ ኋላ ሲመረምረው ግን ለከተማው ውኃ ከሚያድለው ኩባንያ በቧንቧ የመጣ ውኃ ሆኖ ተገኘ። በእርግጥ የተጣራውን ውኃ ወስዶ ሥራውን እንደ ገና ቢጀምር፥ ልቡ ብዙም ሳይቆይ እየደከመ ሄዶ ቆመ። የቧንቧው ውኃ የነበረው፥ የተጣራው ውኃ ያጣው ነገር ምን ነበር? ሪንገር አንዱን ከሌላው እየለየ ሲፈትን ካልሲየም መሆኑን ደረሰበት። በተጣራው ውኃ ላይ ጥቂት የካልሲየም ጨው ቢጨምርበት የቆመው ልብ ተመልሶ መምታት ጀመረ።

አንባብያን እንደምትመለከቱት፥ ይህ ሰው በታተመ ሥራው ላይ ስሕተት ሲያገኝ ሸፍኖ አላለፈውም፤ ይልቁንም ስሕተቱን ራሱን መረመረው፥ ከዚያም አንድ ታላቅ ነገር አወጣ። ስሙም እስከ ዛሬ ድረስ በየሆስፒታሉ ይጠራል። አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም አሌክሲስ ሃርትማን በ1930ዎቹ ዓመታት ላክቴት ጨምሮበት ያሻሻለው ፈሳሽ፥ በአገራችንም ሆስፒታሎች ደም ለፈሰሰውና በተቅማጥ ለተጎዳ ሕመምተኛ በደም ሥር የሚሰጠው፥ ሪንገር ላክቴት ተብሎ የሚጠራው በዚሁ ሐኪም ስም ነው።

ሪንገር ካልሲየም ለልብ እንደሚያስፈልግ አሳየ እንጂ ምን እንደሚሠራ አላሳየም። ከእርሱ በኋላ ለብዙ ዘመን ይህ ነገር ሳይገለጥ ቆየ። በአሜሪካ የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ሉዊስ ሃይልብሩን ግን ሕዋስን ለሥራ የሚያነሣሣው ካልሲየም ነው ብሎ ይከራከር ነበር፤ የሚሰሙትም ጥቂቶች ነበሩ። በ1947 እርሱና ባልደረባው ቪየርቺንስኪ በእንቁራሪት ጡንቻ ክር ውስጥ ልዩ ልዩ ማዕድናትን በጥቃቅን መርፌ እያስገቡ ፈተኑ። በሰውነት ውስጥ ከሚገኙት ከተለመዱት ማዕድናት ጡንቻውን ያሳጠረው ካልሲየም ብቻ ሆነ። አስቀድሞም በ1943 ሁለት የጃፓን መርማሪዎች ካማዳና ኪኖሺታ ይህንኑ አግኝተው ነበር።

ነገር ግን ወዲያው ከባድ ተቃውሞ ተነሣ። የኖቤል ተሸላሚ የነበረው እንግሊዛዊው አርቺባልድ ሂል ስሌት አቀረበ። ጡንቻ ትእዛዝ ከደረሰው በኋላ እጅግ በፍጥነት ይኮማተራል፤ አንድ ነገር ከሕዋሱ ሽፋን ተነሥቶ በዝግታ እየተሠራጨ እስከ መካከል ድረስ በዚህን ያህል ፍጥነት ሊደርስ አይችልም አለ። ስሌቱ ትክክል ነበረ፤ ትክክል ያልነበረው ግን ካልሲየም ከውጭ ብቻ ይመጣል ብሎ ማሰብ ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ጃፓናዊው ሴትሱሮ ኤባሺ በአንድ ወገን፥ ጀርመናዊው ቪልሄልም ሃሰልባህ ከጃፓናዊው ባልደረባው ከማኪኖሴ ጋራ በሌላ ወገን፥ በጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ካልሲየም እየሳበ የሚያከማች ጎተራ እንዳለ አስረዱ። ጎተራው በሕዋሱ ውስጥ ሁሉ ተዘርግቶ ስለሚገኝ፥ በተከፈተ ጊዜ ካልሲየም ሩቅ መጓዝ አያስፈልገውም። እንዲህ ዓይነቱ ጎተራ በሌሎች ሕዋሳትም ይገኛል፤ የሳይንስ ስሙም ኤንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ይባላል።

ኤባሺ ከዚህ ሌላ ደግሞ አንድ ታላቅ ነገር ጨመረ። ካልሲየም በራሱ ጡንቻን አይስብም፤ የመጣውን ካልሲየም የሚቀበልና የሚያስተውል ፕሮቲን ያስፈልጋል። ይህንንም ፕሮቲን ትሮፖኒን ብሎ ሰየመው። ካልሲየም ሲይዘው መልኩ ይለወጣል፤ መልኩም ሲለወጥ ጡንቻው ሊሳብ የሚችልበትን መንገድ ይከፍታል። ካልሲየም መምጣቱን ወይም መሄዱን የሚያስታውቁ ተመልካች ፕሮቲኖች መኖራቸው በዚህ ታወቀ። ይህን ነገር አንባብያን በልባችሁ እንድትይዙት እንለምናለን፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

ወደ በሩ እንመለስ። በሕዋሱ ሽፋን ላይ ካልሲየም የሚያልፍበት የራሱ በር እንዳለ የጠቆሙት፥ ሪንገር በነበረበት በዚያው በሎንዶን ኮሌጅ ይሠሩ የነበሩት ፖል ፋትና በርናርድ ካትስ ናቸው። በ1953 በሸርጣን ጡንቻ ላይ ሲመራመሩ፥ የኤሌክትሪክ ምልክት ይፈጥራል ተብሎ ይታመን የነበረው ሶዲየም ቢወገድም ምልክቱ እንዳልጠፋ አዩ። በ1958 ደግሞ ፋትና ጊንስቦርግ ያን ምልክት የሚያመጣው ካልሲየም መሆኑን አስረዱ። እንግዲህ በጡንቻና በነርቭ ያለው የካልሲየም በር በኤሌክትሪክ ኃይል ለውጥ የሚከፈትና የሚዘጋ ነው።

ይህ ዕውቀት ብዙ ሳይቆይ ለሕሙማን ጠቀመ። በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ የነበረው አልብሬሽት ፍሌከንሽታይን፥ ቬራፓሚልን የመሰሉ መድኃኒቶች ልብን የሚያረጋጉት የካልሲየምን መግባት በመቀነስ መሆኑን በ1960ዎቹ ዓመታት ገለጠ። ከዚያ ወዲህ ብዙ የዚህ ወገን መድኃኒቶች ተሠሩ። የደም ብዛት ያለባቸው ብዙ የአገራችን ሰዎች የሚውጡት አምሎዲፒን የተባለው ክኒን ከእነዚሁ አንዱ ነው፤ በደም ሥር ግድግዳ ጡንቻ ላይ ያለውን የካልሲየም በር ገርበብ ያደርገዋል፤ ጡንቻው ሲላላም የደሙ ግፊት ይቀንሳል።

ሆኖም ከሰውነታችን ሕዋሳት ብዙዎቹ እንደ ጡንቻና እንደ ነርቭ በኤሌክትሪክ ምልክት የሚሠሩ አይደሉም። የምራቅ ዕጢ፥ ቆሽት፥ ነጭ የደም ሕዋስ ካልሲየም ወደ ውስጥ ማስገባታቸው ይታወቅ ነበር፤ በየትኛው በር እንደሚያስገቡ ግን አይታወቅም ነበር። የዚህ ታሪክ ከፍተኛው ክፍል ከዚህ ይጀምራል።

እንግሊዛዊው ማይክል ቤሪጅ በካምብሪጅ ሆኖ በዝንብ የምራቅ ዕጢ ላይ ለብዙ ዓመታት ተመራመረ። በ1983 ከጀርመን አገር መርማሪዎች ጋራ ተባብሮ፥ አንድ ሕዋስ ከውጭ ትእዛዝ ሲደርሰው ኢኖሲቶል ትራይፎስፌት የሚባል መልእክተኛ በውስጡ ፈጥሮ የካልሲየሙን ጎተራ እንደሚያስከፍት አሳየ። ጎተራው ግን ትንሽ ነው፤ ያለውን አውጥቶ ቶሎ ያልቃል። የሕዋሱ ሥራ ደግሞ ለረዥም ጊዜ እንዲቀጥል ከውጭ ሌላ ካልሲየም መግባት አለበት።

አሜሪካዊው ጄምስ ፑትኒ በ1986 አንድ አሳብ አቀረበ። በሩን የሚያስከፍተው ከውጭ የመጣው ትእዛዝ ራሱ ሳይሆን የጎተራው ባዶ መሆን ነው አለ። ይህም ማለት ጎተራው ሲሞላ በሩ ይዘጋል፤ ጎተራው ሲጎድል በሩ ይከፈታል። አሳቡ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እንዴት ይረጋገጣል? ትእዛዝ ሳይደርስ ጎተራው እንዲጎድል ማድረግ ያስፈልግ ነበር። ለዚህም በሜድትራኒያን ባሕር ዙሪያ ከሚበቅል አንድ መርዛማ ተክል የተገኘው ታፕሲጋርጊን የሚባለው ቅመም ጠቀመ። ይህ ቅመም ካልሲየምን ወደ ጎተራው የሚስበውን መሣሪያ ያቆመዋል። በጎተራው ያለው ካልሲየም በገዛ ራሱ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚያፈስ፥ የሚሞላው ሲጠፋ ጎተራው ባዶ ይሆናል። በ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ይህ በተደረገ ጊዜ፥ ምንም ትእዛዝ ሳይመጣ በሩ ተከፈተ። የፑትኒም አሳብ ጸና።

በ1992 ማርኩስ ሆትና ራይንሆልድ ፔነር በጀርመን አገር በጎቲንገን ከተማ በዚህ በር የሚያልፈውን የካልሲየም ጅረት በኤሌክትሪክ መሣሪያ ለኩት። የለኩበትም ዘዴ በዚያው ከተማ ኤርቪን ኔኸርና በርት ዛክማን የፈለሰፉት፥ በ1991 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ነው። ጅረቱ እጅግ ደካማ ከመሆኑ የተነሣ፥ በአንዲቱ በር ብቻ የሚያልፈው በመሣሪያ ተለይቶ ሊታይ አልቻለም። ከካልሲየም በቀር ሌላውን የማያሳልፍ መሆኑም ታወቀ።

እንግዲህ በሩ መኖሩ ተለካ፤ ግን ከምን የተሠራ ነው? ጎተራው መጉደሉንስ ለበሩ የሚነግረው ማን ነው? አንዳንዶች ከጎተራው ወጥቶ ወደ በሩ የሚሄድ ያልታወቀ መልእክተኛ አለ ሲሉ፥ ሌሎች ጎተራውና በሩ እርስ በርሳቸው ይነካካሉ እንጂ መልእክተኛ አያስፈልግም ይሉ ነበር። በሩ ይህ ነው ተብለው የቀረቡ ፕሮቲኖች ብዙ ነበሩ፤ ሲፈተኑ ግን አንዳቸውም እንደሚፈለገው አልሆኑም። ክርክሩም ዓመታት ፈጀ።

መፍትሔው የመጣው አንድ አዲስ ዘዴ በተገኘ ጊዜ ነው። እንደምታውቁት፥ የሕዋስ ፕሮቲኖች የሚሠሩት ጂን በሚባሉት የትውልድ ትእዛዞች ነው። በ1998 ከእነዚህ ትእዛዞች የአንዱን ብቻ ዝም የሚያሰኝ ዘዴ ተገለጠ። አሠራሩን በምሳሌ ለማስረዳት፥ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ጉዳይ በማን እጅ እንደሚያልፍ ማወቅ ብንፈልግ፥ ሠራተኞቹን በየተራ ፈቃድ እየሰጠን የትኛው ሲቀር ጉዳዩ እንደሚቆም መመልከት እንችላለን። መርማሪዎቹም እንዲሁ አደረጉ። ጂኖቹን አንድ በአንድ ዝም እያሰኙ፥ ጎተራው ባዶ በሆነ ጊዜ ካልሲየም መግባቱ የሚቀረው በየትኛው እንደ ሆነ ጠበቁ።

በ2005 ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች ለየብቻቸው ወደ አንድ መልስ ደረሱ። አንደኛው በትንሽ ዝንብ ሕዋስ ላይ፥ ሁለተኛው በቶቢያስ ማየር መሪነት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሰው ሕዋስ ላይ ሠራ። የስታንፎርዱ ቡድን ወደ 2,300 የሚጠጉ ጂኖችን ፈትኗል። ሁለቱም ያገኙት ስቲም የሚባለውን ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን አዲስ አልነበረም፤ ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በስም ይታወቅ ነበር። ሥራው ምን እንደ ሆነ ግን ማንም አላወቀም ነበር።

ስቲም በጎተራው ግድግዳ ላይ ተተክሎ የሚኖር ነው። አንድ ጫፉ ወደ ጎተራው ውስጥ፥ ሌላው ጫፉ ወደ ውጭ ነው። በውስጥ ያለው ጫፍ ካልሲየም የሚይዝበት እንደ እጅ ያለ ቦታ አለው። ጎተራው ሙሉ ሲሆን እጁ ካልሲየም ጨብጦ ይኖራል፤ ጎተራው ሲጎድል የጨበጠው ካልሲየም ይለቀዋል። አስቀድመን ኤባሺ ስላገኘው ፕሮቲን ያልነውን አስታውሱ፤ ያኛው ካልሲየም ሲመጣ የሚነሣ ነበረ፤ ይኸኛው ግን ካልሲየም ሲጠፋ የሚነሣ ነው። ጎተራው መጉደሉን የሚያስታውቀው ተመልካች በዚህ ተገኘ።

በሩ ግን ገና አልታወቀም ነበር። ወደ በሩ ያደረሰው መንገድ፥ ክቡራን አንባብያን፥ በሁለት ወንድማማች ሕፃናት ሕመም በኩል የሚያልፍ ነው።

በ1990ዎቹ ዓመታት በጀርመን አገር የነበሩ ሐኪሞች፥ ከተወለዱ ጀምሮ ተላላፊ በሽታን መቋቋም ያቃታቸው ሁለት ወንድማማች ሕፃናት መኖራቸውን ጻፉ። የሚያስደንቀው ነገር፥ በሽታን የሚከላከሉት ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በቁጥር አልጎደሉም ነበር። ሠራዊቱ አለ፤ ነገር ግን አይነሣም። ስቴፋን ፌስከ የሚባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ ምክንያቱን ሲመረምሩ፥ በእነዚህ ሕዋሳት ጎተራው ሲጎድል ካልሲየም ከውጭ እንደማይገባ አገኙ። በሩ ተዘግቶ ቀርቷል ማለት ነው። ፌስከ ይህን ጥያቄ ይዞ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ከአንጃና ራኦ ጋራ ለዓመታት ሠራ።

በ2006 በአንድ በኩል የሕፃናቱንና የዘመዶቻቸውን ጂን በማነጻጸር፥ በሌላ በኩል የዝንብን ጂኖች በሙሉ በየተራ ዝም በማሰኘት ሁለቱ መንገዶች በአንድ ስፍራ ተገናኙ። በዚያም ከዚያ በፊት ስም ያልነበረው አንድ ፕሮቲን ተገኘ። ሌሎች ሁለት የአሜሪካ ቡድኖችም በዚያው ዓመት ይህንኑ አገኙ። ፕሮቲኑ የተሠራው 301 ቀለበት እንዳለው ሰንሰለት ሆኖ ነው። በሕፃናቱ ላይ ከእነዚህ ቀለበቶች የተለወጠችው 91ኛዋ ብቻ ናት፤ አርጂኒን የሚባለው ወጥቶ ትሪፕቶፋን የሚባለው ገብቶባታል። ከእናትም ከአባትም ይህንኑ ለውጥ ስለ ወረሱ፥ ጤነኛ በር የሚሠራ ትእዛዝ አልቀረላቸውም። ከሦስት መቶ አንድ አንዲት ቀለበት ብትለወጥ፥ የሕፃን ሕይወት አደጋ ላይ ወደቀ።

ለዚህ ፕሮቲን ኦራይ የሚል ስም ወጣለት። በጥንት ግሪኮች አፈ ታሪክ ኦራይ የሰማይን ደጅ የሚጠብቁ፥ የሚከፍቱና የሚዘጉ ናቸው፤ ስማቸውም ሥርዓት፥ ፍትሕና ሰላም የሚል ትርጉም አለው። በሰው ሕዋስም የኦራይ ወገን የሆኑት ፕሮቲኖች ሦስት ናቸው። በሕፃናቱ ላይ የተጎዳው ኦራይ 1 የሚባለው ነው።

አሁን ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልንተርከው እንችላለን። አንድ ቲ ሴል የባዕድ ጀርም ምልክት ሲያገኝ፥ በውስጡ መልእክተኛ ተፈጥሮ የካልሲየሙን ጎተራ ያስከፍታል። ጎተራው ሲጎድል ስቲም የጨበጠውን ካልሲየም ያጣል። ያን ጊዜ ብቻውን ቆሞ የነበረው ስቲም ከመሰሎቹ ጋራ ይያያዛል፤ ተያይዘውም ጎተራው ለውጭው ሽፋን እጅግ ወደሚቀርብበት ስፍራ በአንድ ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው፥ ብቻውን ሊያደርግ የማይችለውን አብሮ ያደርጋል። እጁን ዘርግቶ በሽፋኑ ላይ ያለውን ኦራይ ይነካዋል፤ ኦራይም ይከፈታል። እንግዲህ በክርክሩ ጊዜ ጎተራውና በሩ ይነካካሉ ያሉት ወደ እውነቱ የቀረቡ ሆነው ተገኙ።

የበሩ ቅርጽ ደግሞ በ2012 ታወቀ። በኒው ዮርክ የሚገኙ መርማሪዎች የዝንብን ኦራይ በክሪስታል መልክ አርግተው በኤክስ ሬይ ሲመረምሩት፥ ስድስት ፕሮቲኖች ክብ ሠርተው በመካከላቸው ጠባብ ቀዳዳ እንደሚተዉ አዩ። በቀዳዳው አፍ ላይ ኔጋቲቭ ኤሌክትሪክ ያላቸው ስድስት አሲዶች ቀለበት ሠርተዋል። ካልሲየምን ከሌላው ማዕድን ለይቶ የሚያሳልፈው ይህ ቀለበት ነው።

የገባው ካልሲየም በሕዋሱ ውስጥ ካልሞዱሊን በሚባል ሌላ ተመልካች ፕሮቲን ይያዛል። እርሱም ካልሲኒዩሪን የሚባለውን ሠራተኛ ያስነሣል፤ ይህም ወደ ሕዋሱ አስኳል የሚገባ ትእዛዝ እንዲነቃ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ቲ ሴሉ ይባዛል፥ መሣሪያውንም ያዘጋጃል። ይህ ሁሉ እንዲሆን በሩ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ሳይሆን ለሰዓታት መከፈት አለበት። በሕፃናቱ ደም ውስጥ የነበረው ሠራዊት ያልተነሣበት ምክንያት ይኸው ነው። የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው የሚወስደው ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ላይ ነው፤ ካልሲኒዩሪንን ስለሚያቆመው፥ የሰውየው ቲ ሴሎች አዲሱን ኩላሊት እንደ ጠላት ቆጥረው እንዳይነሡበት ያደርጋል። በአንዱ ላይ ሕመም የሆነው ዝምታ፥ በልክ ሲሰጥ ለሌላው መድኃኒት ሆነ ማለት ነው።

ኦራይ 1 ወይም ስቲም 1 የጎደለባቸው ሰዎች የሚቸገሩት በተላላፊ በሽታ ብቻ አይደለም። ጡንቻቸው ይደክማል፤ ላብ ማውጣት ያቅታቸዋል፤ የጥርሳቸውም ውጫዊ ሽፋን በሚገባ ሳይጠነክር ይቀራል። በንግግራችን መጀመሪያ ስለ ጥርስና ስለ አጥንት ስናወሳ የተለየ ነገር ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ጥርስን የሚሠራው ሕዋስ ራሱ የዚህ በር ጥገኛ መሆኑ በእነዚህ ሕሙማን ታወቀ። ለእንዲህ ያሉ ሕፃናት ዋናው ተስፋ ከጤነኛ ሰው የተወሰደ መቅኔ ተሰጥቷቸው አዲስ የደም ሕዋሳት እንዲያበቅሉ ማድረግ ነው። ይህ ሕክምና የተላላፊውን በሽታ አደጋ ያርቃል፤ የጡንቻውንና የጥርሱን ጉዳት ግን አያድንም፤ የደም ሕዋስ ብቻ ነውና የሚለወጠው።

በአንጻሩ ደግሞ ጎተራው ሳይጎድል ስቲም ዘወትር የሚነሣባቸው፥ በሩም ሳይገባው የሚከፈትባቸው ሰዎች መኖራቸው በ2013 ተገለጠ። ጤና አላገኙም፤ ጡንቻቸው ታመመ እንጂ። ቆሽት በድንገት ሲቆጣም ሕዋሳቱን ከሚጎዳው ነገር አንዱ በዚህ በር ከመጠን በላይ የሚገባው ካልሲየም ነው፤ ስለዚህም በሩን የሚዘጋ መድኃኒት ተሠርቶ በሕሙማን ላይ ሙከራ ተደርጎበታል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ ካልሲየም መልካም ነው ወይም ክፉ ነው ማለት እንደማይቻል ነው። ልቡን የሚያስመታው እርሱ ነው፤ ሕዋሱን የሚገድለውም እርሱ ነው። ልዩነቱ በጊዜውና በልኩ መግባቱ ነው። ሕዋስ በሩን የሚከፍተው በውጭ ብዙ ካልሲየም ስለ ተሰለፈ አይደለም፤ ውጭው ምንጊዜም የሞላ ነውና። የሚከፍተው የገዛ ጎተራው መጉደሉን የሚያይ ታማኝ ተመልካች ስላለው ነው። ተመልካቹ ባይኖር በሩ ብቻውን አይጠቅምም፤ በሩ ባይኖር የተመልካቹ ምስክርነት ከንቱ ነው። ጎተራው እንደ ገና ሲሞላም ተመልካቹ ካልሲየሙን ጨብጦ ወደ ስፍራው ይመለሳል፤ በሩም ይዘጋል። መክፈት ብቻ ሳይሆን በጊዜው መዝጋትም የዚህ ሥርዓት ግማሽ ክፍል ነው።

ከሪንገር የቧንቧ ውኃ እስከ ኦራይ ድረስ ያለውን 123 ዓመት ስንቆጥር፥ ነገሩ የአንድ አገር ወይም የአንድ ሊቅ ሥራ እንዳልሆነ እናያለን። እንግሊዝ፥ ጃፓን፥ ጀርመንና አሜሪካ ተቀባብለውታል። እንቁራሪት፥ ሸርጣንና ዝንብ መስክረውበታል። የመጨረሻው ምስክርነት ግን የመጣው መናገር ከማይችሉ ሕፃናት ነው። ሐኪሞቻቸው በሽታው ብርቅ ነው ብለው ሳይተዉት ምክንያቱን እስከ መጨረሻው ስለ ተከተሉ፥ በእያንዳንዳችን አካል ውስጥ በዚህ ሰዓት የሚከፈተውና የሚዘጋው በር ታወቀ። ዛሬ እንዲህ ያለ ሕፃን ሲወለድ ሐኪም የሚፈልገውን ያውቃል፤ ጊዜም ሳያልፍ መቅኔ ሊያገኝለት ይችላል። የዕውቀት ዋጋ የሚለካው በዚህ ነው።

የዛሬውን ንግግራችንን በዚህ እንፈጽማለን።